ምስጥ የማይደርስበት ጥግ

አሶሳ ስደርስ ክልሉ ገና አዲስ ነበር። ጠረጴዛ ያለው ቢሮ ወንበር የለውም፣ ወንበር ያለው ጠረጴዛ ይጠብቃል። እኔ ከጎጃም የተመደብኩ የኬሚስትሪ መምህር ነበርኩ፤ ከባለቤቴና ገና አፏን መፍታት ከጀመረች ሴት ልጃችን ጋር የአንዲት የበርታ ሴትዮ ቤት ተከራየን።

አሶሳ ምስጥ የማይበላው ነገር የለም። የመጻሕፍት ሳጥኔን ከሥሩ ገብቶ ቦርቡሮት ሳነሳው ክዳኑ ብቻ እጄ ላይ ቀረ። ሰዉ የቤት ምሰሶ ሲተክል የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባዋል፤ ያም ቢሆን ጥቂት ዓመት ቢያቆየው ነው። ከጓሯችን ጥግ ያለችው ቁራሽ መሬት ግን ሌላ ነበረች። እዚያ የቆሙት አሮጌ የአጥር እንጨቶች ዘይት ሳይነካቸው ደህና ነበሩ። ጉንዳን እንኳ አይታይም። የአከራያችን ዶሮዎች ግቢውን ሁሉ ሲጭሩ ይውሉና እዚያ ሲደርሱ ዞረው ይሄዳሉ።

እኔ ደስ አለኝ። ጎመን ናፍቆኝ ነበርና እግዜር ለእኔ ብሎ ያስቀመጣት መሬት መሰለችኝ። ስቆፍር አከራያችን መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«ኡስታዝ፣ እዚህ ምስጥ አይመጣም» አለችኝ። «እኛ እዚህ አንተክልም። ልጁም እዚህ አይቀመጥ።» ልጁ የምትላት ሴት ልጄን ነው። ምክንያቱን ስጠይቃት፣ ድሮ ትልልቅ መኪኖች እዚያ ይቆሙ እንደነበር፣ ሰዎችም የሆነ ነገር ይሰባብሩ እንደነበር ነገረችኝ። ከዚያ በላይ አታውቅም። እኔ የተማርኩት ሰውዬ ምስጥ አይመጣም ተብሎ ጎመን ልተው? ማታ ለባለቤቴ እየሳቅኩ አወራሁላት።

ጎመኑና ቆስጣው ጉድ ሆኖ በቀለ። አንድ ቅጠል ላይ እንኳ ትል የበሳው ቀዳዳ አልነበረም። ለአከራያችን አንድ እስር ስሰጣት በሁለት እጇ ተቀብላ አመሰገነችኝ፤ በማግስቱ ቆሻሻ መጣያው ላይ ጠውልጎ አየሁትና ተቀየምኳት። ልጄ ግን ትወደው ነበር። ቀኑን ሙሉ የጎመኑ መደብ ላይ ተቀምጣ ትጫወታለች፣ አፈሩንም ትቅማለች፤ ይህን የማያደርግ ሕፃን የለም ብለን አለፍነው።

በሁለተኛው ክረምት ቃላቷ ይጠፉ ጀመር። መጀመሪያ «ድመት» ማለት ተወች፤ ቀጥሎ «ውሃ» ማለት ተዋትና በጣቷ ታሳይ ጀመር። ሆዷን ይዛ ትቀመጣለች፤ አታለቅስም። የፈራሁት አለማልቀሷን ነው። ስጠራት ቀስ ብላ ትዞርና፣ ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ ይመስል እኔን አልፋ አሻግራ ታያለች። ዞሬ ያየሁበት ቀን አለ። ጤና ጣቢያ የወስፋት መድኃኒት ሰጡን።

አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ መደቡን ላሰፋ ስቆፍር ዶማዬ ጥቁር የባትሪ ሣጥን ሰበረ። ሥሩ ሌላ ነበር፣ ከዚያም ሥር ሌላ። ውስጣቸው ያለው ግራጫ ወንፊት መሳይ ሳህን ስነካው እንደ ነጭ ዱቄት እጄ ላይ ፈረሰ። በየዓመቱ ለተማሪዎቼ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የምሥለው የመኪና ባትሪ ነው፤ ሳህኑ የእርሳስ ማዕድን መሆኑን፣ እርሳስም መርዝ መሆኑን የማስተምረው እኔ ነኝ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ እኔ በረደኝ። ጎመኑ ዙሪያዬን እንደቆመ ነው፣ አንድ ዝንብ እንኳ የለም። ሁሉንም ነቅዬ ቀበርኩት።

አዲስ አበባ ወሰድናት። ሐኪሙ የታች ከንፈሯን በጣቱ ገለበጠና እንድናይ ጠራን። ድዷ ላይ፣ ከጥርሶቿ ሥር፣ በብዕር የተሰመረ የሚመስል ቀጭን ሰማያዊ መስመር ነበር፤ የእርሳስ መርዝ ምልክት ነው አለን። ብዙ ጎመን ትበላ እንደነበር ስነግረው፣ ማን እንደሚያበላት ጠየቀ።

«እኔ ሳጎርሳት እምቢ ትለኛለች» አለች ባለቤቴ። «ከአባቷ እጅ ብቻ ነው የምትበላው።»

እንዲህ ስትል አላየችኝም። ሐኪሙ ጻፈው። ትሻላለች፣ የጠፋው ቃል ግን ሁሉም ላይመለስ ይችላል አለን።

ከዚያ ወጥተን አንድ ምግብ ቤት ገባን። ምግቡ ሲቀርብ ልጄ ወደ እኔ ዞረችና አፏን ከፍታ ጠበቀች። እጄን ማንሳት አቃተኝ።