ሃልቫርድን ከሶሎር ያስወጣው ዕጣ

የመኪና እሽቅድድም ነጂው ሃልቫርድ ሞን «ኮርቶ ኖርዌይን ጥሎ ስዊድን ገባ» የሚል ሰው በትውልድ አገሩ በሶሎር ዛሬም አይጠፋም። ሚስቱ ቱሪድ ይህን ስትሰማ የያዘችውን ሁሉ ታስቀምጣለች፤ የያዘችው መፍቻ ከሆነ ግን አታስቀምጥም።

ኩራት አይደለም ያስወጣው። በሶሎር የጠጠር ሜዳ በአሮጌ መኪና ለሚሽቀዳደሙ አንድ የቆየ ሕግ አለ፤ ውድድሩ እንዳለቀ ማንም ባለፈቃድ የማንንም መኪና በቁርጥ ዋጋ መግዛት ይችላል። ዋጋው ደህና የጀልባ ሞተር አይገዛም። ፈላጊ ከበዛ ዕጣ ይወጣል፤ አልሸጥም ያለ የውድድር ፈቃዱን ይነጠቃል። ሀብታም ውድ መኪና ሠርቶ ድሃውን እንዳይቀድመው የወጣ ሕግ ነበር፣ ኮሬ የሚባል የእንጨት መሰንጠቂያ ጌታ እስኪመጣ።

ሃልቫርድና ቱሪድ የበረዶውን ወራት በበጎች ጋጣ ውስጥ አንዲት አሮጌ መኪና ሲፈቱና ሲበይዱ ከረሙ። ሃልቫርድ አሸነፈ፤ ኮሬ መኪናዋን ገዛት። በዓመቱ ሌላ ሠሩ፤ ያችንም ገዛት። ዕጣው እንዴት ለእሱ ብቻ ይወጣል? ወንድሞቹ፣ ሾፌሮቹ፣ መሪ ጨብጣ የማታውቅ አማቱ ሳትቀር ፈቃድ አውጥተው ዕጣ ይጥሉለት ነበራ!

በሦስተኛው ዓመትም ሃልቫርድ አሸነፈ፤ ዕጣውም ለአማትዬዋ ወጣ።

«እንኳን ደስ ያለህ» አለ ኮሬ፣ በድንች ቂጣ የተጠቀለለ ቋሊማውን እየገመጠ። «ሰማያዊ ቀለም ቀባልኝ ብዬህ አልነበር?»

«ለምን የራስህን አትሠራም?» አለች ቱሪድ።

«እናንተ እያላችሁልኝ? ሞኝ አደረግሽኝ እንዴ!»

«አማትህስ ደህና ናት?» አለ ሃልቫርድ። «ዛሬ ስንተኛ ወጣች?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ኮሬ ግን «ሕግ ሕግ ነው» ብሎ እጁን ለቁልፉ ዘረጋ።

ዳኛዋ ጉድሩን አቀረቀረች። «ስጠው ሃልቫርድ። አለዚያ ፈቃድህን አምጣ።»

ቱሪድ ባሏን አየችው። መኪናዋን ቢሰጥ ለከርሞም የኮሬ ሎሌ መሆን ነው፤ ፈቃዱን ቢሰጥ መንዳት ቀረ። ሃልቫርድ ፈቃዱን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ወረወረና መኪናዋን ተጎታቹ ላይ ጫነ።

ቅጣቱ የአንድ ዓመት ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ግን ፈቃድ ሰጪው የሶሎር ክለብ «ጠባዩ አያምርም» ብሎ ፈቃዱን አላድስም አለ። ሊቀ መንበሩ ማን ነበር? ኮሬ ነዋ! ልፋቴን አልሰጥም ያለ ጠባየ ክፉ ሲባል፣ የሰው ልፋት በአማቱ ስም የሚወስድ ጨዋ ተባለ።

ሃልቫርድ ጫካውን አቋርጦ ከድንበር ማዶ የስዊድን ፈቃድ አወጣ። መጀመሪያ ግማሹ ጠጠር ግማሹ አስፋልት በሆነ ሜዳ ነዳ፤ እዚያ መኪናህን የሚነጥቅህ የለም። ስሙ ሲጠራ ጊዜ በአስፋልት ብቻ ወደሚሮጡት ትልልቅ ቡድኖች ገባ።

እዚያ መጀመሪያ ያሸነፈ ዕለት ሶሎሮች አውቶቡስ ሞልተው፣ የኖርዌይ ባንዲራቸውን ይዘው መጥተው ነበር። ሃልቫርድ መድረኩ ላይ ወጣ። ባንዲራ የሚከተለው ፈቃድን ነውና የስዊድን ባንዲራ መሰቀል ጀመረ።

ከቱሪድ ኋላ አንድ ሰው ጮኸ። ኮሬ ነው፤ ፊቱ በርበሬ መስሏል።

«ሌቦች! ይሄ የሶሎር ልጅ ነው! ይህን ባንዲራ ማን ስቀሉ አላችሁ?»

ቱሪድ ዞር አለች።

«አንተ ነህ የሰቀልከው፣ ኮሬ» አለችው። «በል አሁን ቆብህን አውልቀህ ቁም፤ መዝሙራቸው ሊጀመር ነው።»