የማማው ጭልፊትና የቃሲም ሁለት ካሜራዎች

ቃሲም ፈሪ ነው ብሎ መጻፍ ስም ማጥፋት አይሆንም፤ እሱ ራሱ ከማንም ቀድሞ ይናገረዋል። ሆሳዕና መናኸሪያ ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ፎቶ ቤቱ ውስጥ ሆኖ የአውቶቡስ ጎማ ሲፈነዳ ከሰማ ጠረጴዛ ስር ይገባል፤ ሲወጣ ደግሞ «ባትሪ ወድቆብኝ ስፈልግ ነው» ይላል። ሚስቱ ሂክማ ለጎረቤት እንዳወራችው ከሆነ፣ ኒካህ ሲታሰር «ተቀብያለሁ» ያለው ደጋግመው ጠይቀውት ነው። ጥያቄው ወጥመድ መስሎት ነበር አሉ።

እንግዲህ በ2009 ዓ.ም.፣ አገሩ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ስር ባለበት ሰሞን፣ ሌንስ አንግቶ ወፍ ለማንሳት ኮረብታ የወጣው ይኸው ሰው ነው።

ወፍ የጀመረው በአጋጣሚ ነው። ዶዮገና ለሠርግ ተጠርቶ ሙሽራው ቢዘገይበት፣ እንሰት አበባ ላይ የተንጠለጠለች ከአውራ ጣት የማትበልጥ ወፍ አይቶ አነሳት። ሙሽሮቹም በኋላ መጥተው ተነሱ። አልበሙ ሲመጣ ግን ወፏ ከሙሽራዋ ገዝፋ ወጣች ይባላል፤ የሙሽራዋ እናት እስከ ዛሬ ሰላም አይሉትም። ከዚያ ወዲህ ቃሲም በየእሁዱ ከከተማ መሹለክ አመጣ። ወፍ ሊያነሳ ነው ሲባል ከተማው አላመነም። አንዱ ሜርኩሪ ፍለጋ ነው አለ፤ ሌላው ለዓረብ አገር ሰዎች ወፍ እየጠቆመ ነው አለ፤ ቀና የሚያስቡት ሂክማን ሸሽቶ ነው አሉ።

በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ ሁለት ነገር በአንድ ሳምንት መጣበት። የመጀመሪያው ጭልፊት ናት። ከከተማው በላይ ባለው ኮረብታ ስንት ባህር ዛፍ፣ ስንት ጽድ እያለ፣ ይቺ ጭልፊት ሁሉንም ንቃ ዘበኛ በሚጠብቀው የአንቴና ማማ ላይ ጎጆዋን ሠራች። ጫጩቷ ላባ አውጥታ ጠርዝ ላይ መቆም ጀምራለች፤ ዛሬ ነገ ትበራለች። ቃሲም በሕይወቱ የጫጩት የመጀመሪያ በረራ አንስቶ አያውቅም። ይህን ካላነሳሁ ወፍ አነሳለሁ ማለቴን እተዋለሁ ብሎ ለራሱ ምሏል።

ችግሩ የወቅቱ ነገር ነው። ምን እንደተከለከለና ምን እንደተፈቀደ በትክክል የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ፣ ከተማው ራሱ ለራሱ ይከለክል ነበር። ሰው በስልኩ የገዛ በሬውን ሲያነሳ እንኳ ግራ ቀኝ ያያል። እገሌ ለስልጠና ተወሰደ ይባላል፤ ስልጠናው ምን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። በዚህ መሃል ወደ አንቴና ማማ ሌንስ መደቀን ማለት ጅብ ዋሻ ገብቶ እንደምን ዋላችሁ ማለት ነው።

ሁለተኛው የመጣበት ነገር አሞጽ ነው። አሞጽ የፓስተር ልጅ፣ የቃሲም አብሮ አደግ፣ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ከፍቶ የሚኖር ሰው ነው። ዘመድ ሊጠይቅ ሲመጣ ሁለት ያገለገሉ ካሜራዎች ይዞ መጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠለት። አንዱን ምረጥ አለው፤ የቀረውን አዲስ አበባ ያለ ቪዲዮ ቀራጭ ጓደኛዬ ይወስደዋል። ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡስ ስሳፈር መልስህን እፈልጋለሁ አለው።

ሁለቱም ሚረርለስ ናቸው፤ ማለትም ሆዳቸው ውስጥ መስታወት የላቸውም። የቃሲም አሮጌ ካሜራ ውስጥ፣ ባነሳ ቁጥር ብድግ ብሎ የሚወድቅ መስታወት አለ፤ «ቀጨም» ሲል ወፍ ቀርቶ ፍየል ይበረግጋል። እነዚህ ግን ዓይን በሚጠጋበት ቀዳዳ ውስጥ ያለች ትንሽ ስክሪን ናት የምታሳየው። ብርማው ቀለል ያለ፣ ሌንሱ አጠር ያለ፣ ባትሪው ቶሎ የሚደክም ነው፤ ሲያነሳም ለስለስ ባለ ድምፅ «ቀጭ» ይላል። ጥቁሩ ደግሞ ክንድ የሚያህል ሌንስ አለው፣ በአንድ ትንፋሽ እልፍ ፎቶ ይደረድራል። ከሁሉ በላይ አንዲት ቁልፍ ከተጫነች ድምፁ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ሲያነሳ ጆሮህን ብትለጥፍበት እንኳ አትሰማም።

ቃሲም ይህን ባየ ጊዜ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ለፈሪ ሰው ከዚህ የበለጠ ካሜራ ማን ይሠራል? ከሩቅ ሆኖ፣ ሳይሰማ፣ ሳይታይ። ሂክማ ግን ጥቁሩን ሌንስ አንስታ ወደ መስኮቱ ደቀነችውና መልሳ አስቀመጠችው። መሣሪያ ይመስላል አለች። ቃሲም ሌሊቱን በሙሉ ተገላበጠ።

አርብ ከጁምዓ በፊት ጥቁሩን በፌስታል ጠቅልሎ ወጣ። ከማማው በታች ባለው የእንሰት ጓሮ ውስጥ ተንበረከከ። ድምፁን አጠፋ፤ ዓይኑን አስጠጋ። እውነትም ሌንሱ ጎጆውን ጎትቶ አፍንጫው ስር አመጣለት፤ የጫጩቷን ምላስ ሳይቀር አየ። እናቲቱ አይጥ ይዛ ስትመጣ፣ በማማው ዙሪያ ስትዞር፣ እሱም ካሜራውን አብሯት እያዞረ ተኮሰ። ኮሽታ የለም። ፍርሃቱ ቀስ በቀስ ለቀቀው። ምናልባት በሕይወቱ ፍርሃት የለቀቀው ያን ጊዜ ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ ያም ጥሩ አልሆነለትም፤ ከኋላው የሚመጣውን እግር አልሰማም።

«ተነሳ» የሚል ድምፅ መጣ።

ዘበኛው ጠና ነው። የአንጋጫ ሰው፣ ጎልማሳ፣ ክላሹን እንደ ሕፃን ያቀፈ። ምን እንደሚያደርግ ሲጠየቅ አማርኛው ጠፋበት። በሀዲይኛ መለሰ። ጠና ደግሞ የሚያውቀው ከንባትኛና አማርኛ ነው፤ ሰውየው ምን እያልጎመጎመ እንደሆነ ሳይገባው ጥርጣሬው ብቻ አደገ። በመጨረሻ አማርኛው ሲመለስለት ቃሲም ሊናገር ከሚችለው ሁሉ የከፋውን መረጠ። ምንም አላነሳሁም አለ። ድምፅ ስላልነበረ የሚታወቅበት አልመሰለውም።

ጠና ካሜራውን ተቀበለው። ስክሪኑ ላይ ጭልፊቷ አለች፤ ከኋላዋ ማማው አለ። ቀጣዩም ማማ፣ ቀጣዩም ማማ። ይህ አልበቃ ብሎ በየፎቶው ላይ ማማው ተጣሟል። አንዱ ላይ ወደ ግራ አዘንብሏል፤ ሌላው ላይ ወደ ቀኝ ሊወድቅ ደርሷል።

ጠና ቀና ብሎ ማማውን አየ። ቀጥ ብሎ ቆሟል። ፎቶውን አየ።

«ማማውን ምን ልታደርገው ነው?» አለ፤ ድምፁን ሳያነሳ።

ቃሲም ፎቶዎቹን አይቶ እሱም ደነገጠ። ለምን እንደተጣመመ አያውቅም። ወላሂ እኔ አላጣመምኩትም ብሎ መማል ጀመረ፤ የሚምለው ለምን እንደሆነ ግን ጠናም እሱም አልገባቸውም። ጠና ወደ ዘበኛ ክፍሉ ወሰደው። በቆርቆሮ በተሠራችው ክፍል ውስጥ በርጩማ ላይ አስቀምጦት ለአለቃው ስልክ ሞከረ። ኔትወርክ የለም። አንቴናው ጭንቅላታቸው ላይ ተገትሮ ስልኩ አልሠራ አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቃሲም ይሄን ለአንድ ወር የሚያወራው ነበር፤ ያን ቀን ግን ኔትወርኩ እንዳይመለስ ዱዓ ሲያደርግ ዋለ። ጠና በወጣ በገባ ቁጥር ስልኩን ወደ ሰማይ ያነሳል። የኔትወርኩ ምልክት አንድ ጭረት ባወጣ ቁጥር ቃሲም ዱዓውን ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሂክማን አሰበ። ስልጠናውን አሰበ። ጁምዓም አለፈው።

ከሰዓት በኋላ የእግር ድምፅ ተሰማና ቃሲም ዓይኑን ጨፈነ፤ አለቃው የመጣ መስሎት። የመጣው ግን አሞጽ ነው፤ ብርማውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ። ከጁምዓ አልመለስ ሲላት ሂክማ ናት የላከችው። አሞጽ ገና ከበሩ ለጠና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላምታ ሰጠ፣ ጋሼ ብሎ ጠራው፣ ስለ አንጋጫ ገብስ ጠየቀ። ከዚያ ፎቶዎቹን አይቶ ሳቀ። ቃሲም ያን ሳቅ ሲሰማ ሊያንቀው ፈለገ።

አሞጽ እንዲህ ብሎ አስረዳ። ይሄ ካሜራ ድምፁ ሲጠፋ ፎቶውን ሰው ደብዳቤ እንደሚያነብ ከላይ ወደ ታች ነው የሚያነበው። አንብቦ ሳይጨርስ ካዞርከው፣ ቀጥ ያለው ነገር ይጣመማል። ጠና አላመነም። ማማውን እንዳያነሳ አስጠንቅቆ ባህር ዛፎቹን አሳየው። አሞጽ ጥቁሩን እያዞረ አነሳ፤ ባህር ዛፎቹ ሁሉ እንደ ሰካራም ተጋደሙ። በብርማው እያዞረ አነሳ፤ ቀጥ ብለው ቆሙ። ጠና ሁለቱን ፎቶ ደጋግሞ አስተያየ። ከዚያ እኔን አንሳኝ አለ።

ክላሹን በር ኋላ ሸሸገ፤ ፎቶው ለቤት ነውና። ኮፍያውን አስተካከለ፣ ደረቱን ነፋ፣ ትንፋሹን ዋጠ። በእኛ አገር ፎቶ ሲነሱ የሚተነፈሰው «ቀጭ» ሲል ነው፤ ከዚያ በፊት የተነፈሰ ፎቶውን አበላሸ ይባላል። አሞጽ በጥቁሩ አነሳው። ጠና አልተነፈሰም። ቆመ። ደም ሥሩ ተገተረ፤ ፊቱ በርበሬ መሰለ።

በመጨረሻ ባለቀ ትንፋሽ «መቼ ነው የምታነሳኝ?» አለ።

አንስቼዎታለሁ አለው አሞጽ።

የጠና ፊት ተለወጠ። ቃሲም ከበርጩማው ላይ ሆኖ ሲያየው፣ እስከዚያ ሰዓት የፈራው ሁሉ ማሟሻ እንደነበር ገባው። ጠና አንድ እጁን ወደ በሩ ኋላ፣ ወደ ክላሹ ሰደደ።

«ሳላውቅ ነው ያነሳኸኝ? ሰው ሳያውቅ የሚያነሳ ነገር ከወፍ ጋር ምን አገናኘው?»

ቃሲምም እውነቱን ነው ብሎ አሰበ። አሞጽ ብቻ ሳይቸኩል ብርማውን አነሳ፣ እንደገና ይቁሙልኝ አለ። «ቀጭ» አለ። ጠና ተነፈሰ። ሦስቱም ተነፈሱ።

ከዚያ በኋላ ጠና እንደ ዳኛ ቁጭ ብሎ ፈረደ። የማማው ፎቶ በሙሉ እዚሁ ይጥፋ። ቃሲም አንድ በአንድ እያየ አጠፋቸው፤ እናቲቱ አይጡን ለጫጩቷ ስታቀብል ያነሳትንም፣ ማማው እግሯ ስር ስለነበር፣ አጠፋት።

«ወፏን ከፈለግክ ይሄን የሚናገረውን ይዘህ ና» አለው ጠና። «ቀጭ ሲል የት እንዳለህ አውቃለሁ። ሌንሱንም ወፏ ላይ ብቻ ታደርጋለህ። ዝም ካልክ ግን እኔም ሥራዬን እሠራለሁ።»

ቅዳሜ ማለዳ መናኸሪያው ውስጥ፣ ተሸካሚዎች የአሞጽን ሻንጣ እየተናጠቁ፣ ቃሲም ጥቁሩን በፌስታሉ መለሰለት። አሞጽ አላመነም። ድምፁን ማብራት ይቻላል እኮ፣ አንዲት ቁልፍ ናት አለው። ቃሲም ቁልፏ በራሷ ብትጫንስ ብሎ መለሰ። አሞጽ ሌንሱን እየዳበሰ፣ ካሜራውን የመረጠልህ ወፍ ነው ወይስ ጠና ብሎ ቀለደበት።

«ወፏ ብትመርጥ ጥቁሩን ነበር» አለ ቃሲም። «እሷ ግን አትታሰርም።»

ሰኞ ብርማውን ይዞ ወጣ። ያኔ ነው የምርጫው ዋጋ የገባው። ሌንሱ አጭር ስለሆነ ከእንሰቱ ጓሮ ወፏ ነጥብ ናት፤ መቅረብ አለበት። በደረቱ እየተሳበ እስከ አጥሩ ሽቦ ድረስ ተጠጋ፤ አርብ ዕለት በህልሙም የማይደርስበት ቦታ። «ቀጭ» አለ። ከዘበኛው ክፍል ሳል መጣ፤ ሰምቻለሁ ማለት ነው። ጫጩቷ ጠርዝ ላይ ወጥታ ክንፏን ትዘረጋለች፣ ታጥፋለች። ቃሲም ባትሪውን ሊቆጥብ ጣቱን ከቁልፉ አነሳ።

«ቃሲም! ዝም አልክ!» የሚል ድምፅ ከላይ መጣ።

ቃሲም ደንግጦ ሣር አነሳ። ቀጭ። ሳል። ትንሽ ቆይቶ ድንጋይ አነሳ። ቀጭ። ሳል። የሚያነሳው ሳይኖረው እዚያው መሆኑን ለማስታወቅ ብቻ እያነሳ፣ የባትሪው ምልክት ቀይ ሆነ። ዝም ቢል ጠና ክላሹን ይዞ ይመጣል፤ ዝም ካላለ ባትሪው ያልቃል። ላብ ዓይኑ ውስጥ እየገባ የገዛ ጫማውን አነሳ። ጫጩቷ አጎነበሰች። ጠና እንደገና ስሙን ጠራ። ቃሲም በዚያች ቅጽበት መልስ አልሰጠም፤ ልብ ይኑረው አይኑረው እሱም አያውቅም፤ ቁልፉን የያዘው ጣቱ ብቻ ነበር። ጫጩቷ ዘለለች። «ቀጭ» አለ፤ ካሜራውም ጠፋ።

ፎቶው አሁን ፎቶ ቤቱ ግድግዳ ላይ አለ። ክንፍ እስከ ጫፉ ተዘርግቶ፣ አፍ ተከፍቶ፣ ዓይን ወደ ሌንሱ ዞሮ። ማማውን ቆርጦ አወጣው፤ ከአንዲት ብረት በቀር። ጥፍሯ ገና ከብረቷ ላይ ስላልተላቀቀ፣ ያቺን ልቁረጥ ካለ እግሯን መቁረጥ ሆነበት። ብዙ ቀን መቀሱን ይዞ ተቀመጠ፤ አልቻለም።

ስለዚህ ኮፍያ ያደረገ ሰው ወደ ፎቶ ቤቱ በገባ ቁጥር ቃሲም ብድግ ይልና ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ በጭንቅላቱ ያቺን ብረት ከልሎ ይቆማል፤ ሰውየው ጉርድ ፎቶውን ተነስቶ እስኪወጣ ድረስም አይቀመጥም። ደንበኞች ይህን አይተው፣ ቃሲም ሰው ያከብራል ይላሉ።