የሚያብረቀርቀው ፕሮግራም

ቅዳሜ ቅዳሜ በውድድሩ ሜዳ፣ ሞተር ብስክሌቶቹ አፈር እየረጩ በሚታጠፉበት ኩርባ፣ ከአጥሩ ሥር አንድ ሽማግሌ ይቆማሉ። ስማቸውን አላውቅም። ኮታቸው ላይ የክለባችን ዓርማ ያልተሰካበት ቦታ የለም። ሁልጊዜ ሁለት ፕሮግራም፣ የዕለቱ ውድድሮች ከነነጥብ መሙያ ሳጥኖቻቸው የታተሙበትን ቀጭን መጽሔት፣ ይገዛሉ። እያንዳንዱ ውድድር ሲያልቅ የአራቱን ሞተረኞች ነጥብ በባዶዎቹ ሳጥኖች ይሞላሉ፤ መጀመሪያ በአንዱ፣ ከዚያ ረጋ ብለው በትልልቅ ጽሕፈት በሌላው። ሁላችንም እንሞላለን፤ እዚህ ያልሞላ ሰው ውድድር አየሁ አይልም።

ዘንድሮ ክለቡ ፕሮግራሙን በሚያብረቀርቅ ወረቀት አሳተመው።

"አምሮበታል አይደል፣ አባባ? መስታወት በሉት!" አለቻቸው ሻጯ ዶሪን።

"መስታወት ላይ ማን ይጽፋል?" አሏት።

የመጀመሪያው ውድድር አለቀና ጻፉ። ቀለሙ አልያዘም፤ ጣታቸው ሲነካው ቁጥሩ ሁሉ ሰማያዊ እድፍ ሆነ። የእኔን እስክሪብቶ ሰጠኋቸው፤ እሱም ያው ነው።

"አርባ ዓመት ዝናብ እየደበደበን ከክለቡ ጎን ቆምን" አሉ። "'ትጽፉበት የለም ወይ?' ብሎ የጠየቀን አንድ ሰው ይጥፋ?"

ሁለተኛውን ፕሮግራም በእጅጌያቸው ጠረጉት፤ ባሰበት።

"ይሄ የባለቤቴ ነው" አሉኝ። "አልጋ ላይ ከቀረች ስድስት ዓመቷ። ቁጥሮቹን እያየች ውድድሩን ከመጀመሪያው ታየዋለች።"

ቀጣዮቹ አራት ሞተሮች ተነሡ። ሽማግሌው የግራ እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰበሰቡና ውጤቱን ክንዳቸው ላይ፣ በዚያው በትልልቁ ጽሕፈት፣ መጻፍ ጀመሩ።