ቅመሺልኝ

ዝናቡ ቀርቶ ነፋሱ ብቻ የሰቆጣን ቆርቆሮ ሲያንኳኳ በዋለበት የሰኔ ቀን፣ ካኪ ኮቱን እስከ አንገቱ የቆለፈ ሰው ከሸጌ አረቄ ቤት ገባ። ሸጌ ወዲያው አወቀችው። በድንበር ጠብ ምሳው የሚባለውን ወንድሟን የገደለው ነው፤ እስሩን ጨርሶ ወጥቷል። እሱ አላወቃትም። ደም መላሽ ስለሚፈራ ግን የቀዳችለትን መለኪያ ወደ እሷ ገፋው።

«መጀመሪያ ቅመሺልኝ።»

ቀመሰችለት። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ከእያንዳንዱ መለኪያ እየቀመሰች፣ እስከ አፉ ሞልታ ቀዳችለት።

አንድ ቀን ነርስ የሆነች ጎረቤቷ መጣች። «ኧረ ሸጌ፣ ለዚህ ሰው መቅዳቱን ተይ! ሰውነት የራሱን የሕመም ማስታገሻ ይሠራል። አረቄ ሲለምድ ግን መሥራቱን ይተዋል። አሁንማ ካልጠጣ የለበሰው ኮት እንኳ ያመዋል» አለቻት።

ሸጌ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። በማግስቱ ሰውየው ሲመጣ ጀሪካኑን ከኋላዋ ደበቀች።

«አልቋል።»

«በማርያም፣ እህቴ! አትቅመሺው፣ ዝም ብለሽ ስጪኝ!»

«እህትስ የምሳው ነኝ» አለችው።

ሰውየው አሁን ጤና ጣቢያ ተኝቷል፤ ጋቢው ሲነካው ይጮሃል። ሸጌ አረቄ ቤቷ ናት። ጠዋት እጇ መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ ማንም ሳያዛት ትቀምሳለች።