እውነቱን በመጻፌ ሳትሠራ የተመለሰችው መኪናዬ

«ጋሼ፣ የለም ብለው ቢጽፉ ኖሮ እኮ ሠርተንልዎት ነበር!»

ይህን ያለኝ ዛሬ ረፋድ ድሬዳዋ፣ የመኪናዬ አስመጪ ጋራዥ ውስጥ ያለ ቴክኒሻን ነው። የፍሬን ጉድለት ከፋብሪካ ስለተገኘባት በነጻ እንሥራልህ ብለው ራሳቸው ጠርተውኝ ነው ከሐረር የወረድኩት።

ቅጹ «በመኪናው ላይ የተደረገ ለውጥ አለ?» ይላል። አዎ አልኩ። ዓምና ሐረር፣ ፈረስ መጋላ አካባቢ ያለ መካኒክ፣ ዳገት እንድትችል ብሎ የሞተሯን ሶፍትዌር በላፕቶፕ ቀይሮልኛል።

«እንግዲያው አንነካትም» አሉ።

«ሞተሩን ከፍሬኑ ምን አገናኘው?»

«መመሪያ ነው ጋሼ። ወደ ቀድሞው አስመልሰው ይምጡ።»

መካኒኩ ጋ ደወልኩ። የቀድሞውን ሶፍትዌር አላስቀመጠውም።

ዕድሜዬን ሙሉ ቅጽ በትክክል ስሞላ ኖሬያለሁ። ለካ ቅጹ የተዘጋጀው ለሚዋሹ ኖሯል።

ባለቤቴ የምታስተምረው ድሬዳዋ ነው። በየቀኑ የደንገጎን ቁልቁለት ይዣት የምወርደው በዚህችው መኪና ነው። ከነገ ጀምሮ በሚኒባስ ሂጂ ብላት፣ «የእነሱንስ ፍሬን ማን አየው?» አለችኝ።

ነገም በዚህችው መኪና፣ ፍሬኑን ላለማስጨነቅ በሁለተኛ ማርሽ እንወርዳለን።

እናንተስ፣ እውነቱን ጽፋችሁ የተቀጣችሁበት ቅጽ አለ? ንገሩኝ፤ ዛሬ ብቻዬን ሞኝ መሆን ከብዶኛል።