የይሻው ሦስት ሥራ

ባሌ ይሻው እምቢ ማለት አያውቅም። ጋፋት አጠገብ ያለው ትምህርት ቤት ዘበኛ ሲፈልግ እሽ አለ። የሰፈሩ ቦኖ ውኃ የሚያስቀዳ ሰው ሲያጣ እሱንም ተቀበለ። የገበሬዎች ማኅበሩ የድንች ዘር መጋዘን ጠባቂ ሥራውን ሲተውም «ይሻው ይሁን» ብለው ሰጡት፤ እየሳቀ ቤት ገባ። የእሱ ደስታ ለእኔ ድካም እንደሆነ ስለማውቅ መቀነቴን አጥብቄ ወደ ቦኖው ሄድሁ።

ከዚያ ወዲህ እሱ በር ላይ ይቆማል፣ እኔ ውኃ አስቀዳለሁ። ከሰዓት መጋዘኑን ከፍቼ ድንቹን አገላብጣለሁ፤ የበሰበሰውን ለይቼ እጥላለሁ። ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን ካቋረጥሁ ጀምሮ ስሜ የትም መሥሪያ ቤት ተጽፎ አያውቅም፤ ይጻፋል ብዬም አልጠበቅሁም።

ዘንድሮ በደብረ ታቦር ዙሪያ ማን ሥራ እንዳገኘ፣ ማን እንዳጣ ለማወቅ ሲባል የየመሥሪያ ቤቱ መረጃ በፋይዳ መታወቂያ ቁጥር አንድ ላይ ተገናኘ። ለየብቻ ሲቆጠር ሦስት ሠራተኛ የነበረው ይሻው አንድ ሰው ሆኖ ተገኘና ወደ ወረዳው የሥራ ጉዳይ ቢሮ ተጠራ።

«ሦስቱንም ይነጥቁኛል» አለ፤ ቁርሱንም አልነካ። ይሻው እህል ሲተው አይቼ ስለማላውቅ ተከትዬው ሄድሁ።

ያስጠራችው ባለሙያ የባለሱቁ የዩኑስ ልጅ ፈትያ ናት። ኮምፒውተሯን እያየች፣

«ጋሽ ይሻው፣ ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ነዎት። በዚያው ሰዓት ቦኖው ላይም ነዎት። እንዴት ቻሉት?» አለችው።

«ቦኖው ላይ እሷ ትውላለች» አለ፣ በአገጩ ወደ እኔ እየጠቆመ።

«ታዲያ ለምን በእርስዎ ስም ሆነ?»

«በቁርባን ሲያጋቡን ቄሱ አንድ ናችሁ ብለውናል።»

ፈትያ ሳቋን መያዝ አቃታት። «ቄሱ ልክ ናቸው። ለእኔ ግን ሁለት ናችሁ። ይኸው እኮ፣ በእናንተ ሰፈር የወንዱ ሥራ ጨመረ፣ የሴቱ ቀነሰ ይላል። ሴቶቹ የት ሄዱ እያልን ስንጨነቅ ከረምን።»

«የትም አልሄድንም፤ ውኃ እየቀዳን ነው» አልኋት።

ከኋላችን ተራውን የሚጠብቀው ጎረቤታችን ሙላቴ ብድግ አለ። «እኔም ሚስቴን ይዤ ልምጣ መሰለኝ።» ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

ይሻው ብቻ አልሳቀም። «ይወሰድብኛል ወይ?»

«በሩ የእርስዎ ነው፣ ማንም አይነካዎትም። የቀሩት በሠራው ሰው ስም ይዙሩ ብዬ እጽፋለሁ፤ የሚወስኑት ግን አሠሪዎቹ ናቸው። እትዬ፣ ስምዎን ማን ልበል?»

«ብዙነሽ ታደሰ» አልሁ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

ማኅበሩ መጋዘኑን ሥራ ለሌላት ለሰፈራችን ልጅ ለትዝታ ሰጣት። አልከፋኝም፤ ወገቤማ ደስ ብሎታል። የውኃ ኮሚቴው ግን ቦኖውን በስሜ አጸደቀልኝ።

በማግስቱ ይሻው ጀሪካኑን አንጠልጥሎ በቀጥታ ወደ ቧንቧው መጣ።

«ወረፋ ያዝ» አልሁት።

«የገዛ ባልሽን?» አሉኝ ሴቶቹ።

«በሥራ ሰዓት ባል የለኝም።»

ይሻው ሳያጉረመርም ወደ ኋላ ሄዶ ተሰለፈ። ከፊቱ ለቆመችው ሴት፣ «የምታስቀዳዋ ሚስቴ ናት» ሲላት ሰማሁት።