ሶስና ከመኪና መስኮት ያነሳችው ድንኳን

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ አሜሪካ፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች በተደረደሩበት ፌርፋክስ መንገድ ምሳ ልበላ ተቀምጬ፣ ከአጠገቤ ካለው ገበታ አንዲት ልጅ ወንበር ላይ ወጥታ በያይነቱን ከላይ ፎቶ ስታነሳ፣ ጓደኛዋ ደግሞ ጉርሻውን ጠቅልሎ አየር ላይ እንደያዘ ሲጠብቃት አይቼ ሳቄ መጣ። ሳቄን ሳልጨርስ ሶስና ትዝ አለችኝ።

ሶስና የልጅ ልጄ ናት። እናቷ ሳንታ ሞኒካ አዳር ስለምትሠራ ሃይስኩል እስክትጨርስ ያደገችው ሚድ ሲቲ እኔ ዘንድ ነው። ያኔ ኢንተርኔት ላይ ብሎግ የሚሉት ነገር ነበራት፤ ያነበበችውን መጽሐፍ፣ በፒኮ መንገድ አውቶቡስ ያየችውን ሰው፣ የባሕሩን ዳር ጀንበር፣ ቫን ናይስ ያለችው አክስቷ ያሳረረችውን ዶሮ ሳይቀር የምትጽፍበት። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ከፎቶው ሥር ግን አራተኛ ክፍል ላቆምኩት ለእኔ ሲባል አንድ መስመር አማርኛ ትጨምራለች። ማታ ማታ ሶፋው ላይ ተጠግታኝ ታሳየኛለች፤ ፀጉሯ ኮኮናት ኮኮናት ይሸታል፣ ላፕቶፑ ጉልበቴን ያሞቀኛል።

"ይሄን ሰውዬ አስፈቅደሽዋል?" እላታለሁ።

"እማማ፣ ጀርባውን እኮ ነው!"

"ጀርባውስ የማን ነው?"

እየሳቀች ታጠፋዋለች።

ሌላዋ አንባቢዋ ጎረቤቴ አስካለ ነበረች። ሆቴል አልጋ ስታነጥፍ ውላ፣ ጫማዋን ደጃፌ ላይ አውልቃ፣ "ሶስዬ ዛሬ ምን አወጣች?" እያለች ትገባለች። አንድ ዓመት ትምህርት ሲዘጋ ሶስና ከእናቷ ጋር አዲስ አበባ ስትሄድ፣ አስካለ "በሰፈራችን ካለፍሽ የወንድሜን በር ፎቶ አንሺልኝ" ብላ አደራ አለቻት።

ልጅቱም አደራዋን አልረሳችም። ማክሰኞ ዕለት ትታልኝ የሄደችውን ላፕቶፕ ስከፍት የአስካለ ወንድም በር ወጥቷል፤ ከመኪና መስኮት የተነሳ ነው፣ ትንሽ ጠመም ብሏል። ከበሩ ፊት ድንኳን ተተክሏል። ሥሩ "በእትዬ አስካለ ወንድም ቤት ሠርግ አለ!" ይላል። አጉልቼ አየሁት። አግዳሚው ላይ የተደረደሩት ወንዶች አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ሴቶቹ የነጠላቸውን ጥለት ወደ ላይ አድርገውታል። አሜሪካ ያደገች ልጅ ይሄን ከየት ታውቀዋለች? ድንኳን ያየችው በሠርግ ቪዲዮ ብቻ ነው።

የእድራችን ሰብሳቢ ጋሼ ተካ ዘንድ ደወልኩ።

"ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። የአስካለ ወንድም ሞቷል?"

"ኦኬ፣ አዎ። እሁድ ማለዳ ልንነግራት ነው። በሥራ ቀን ማን ይመጣል? ላንቺ ያልነገርንሽ አፍሽን አትይዢም ብለን ነው።"

"ፌርፋክስ በሙሉ አውቆ እሷ ብቻ እየሳቀች የምትሄድበት ምን ዓይነት ፍርድ ነው? ሶስና የድንኳኑን ፎቶ አውጥታዋለች እኮ! ከሥራ ወጥታ በቀጥታ እኔ ቤት ነው የምትመጣው። ካልመጣችሁ ብቻዬን እነግራታለሁ።"

"አንቺ ሴትዮ! መርዶ በአንድ ሰው ይነገራል እንዴ?"

"እንግዲያው ይምጡ።"

መጡ። ጋሼ ተካ ከነፓርኪንግ ሰደርያው፣ የቅመም ሱቋ ሴትዮ ከነሽርጧ፣ አንዱ ታክሲውን መብራቱ እንደበራ በሩ ላይ ፓርክ አድርጎ። አስካለ ጫማዋን ልታወልቅ ጎንበስ እንዳለች ቀና ብላ አየቻቸው።

"ዛሬ ማክሰኞ አይደለም እንዴ?" አለች። የነገራት ሰው የለም፤ ጮኸች።

ለቅሶዋ ጋብ ሲል የሶስናን ፎቶ ነገርኳት፤ አሳዩኝ አለች። ጋሼ ተካ በዓይኑ ቢከለክለኝም አሳየኋት። በጣቷ አንድ በአንድ እየነካች "ይሄ ጎረቤታችን ነው፣ ይቺ የክርስትና ልጁ ናት፣ ወይኔ፣ የተጣላው ጓደኛው እንኳ መጥቶለታል" አለች። ሶስና የሆነውን ስትሰማ እያለቀሰች ደውላ አሁኑኑ አጠፋዋለሁ ብትል፣ አስካለ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ።

"እንዳትነኪው! የወንድሜ ለቅሶ ላይ የተቀመጥኩት ባንቺ ፎቶ ነው።"

ልጅቱ ሠርግ የሚለውን ብቻ አርማ ተወችው።

ከዚያ ሶስና ኮሌጅ ገባች፣ ብሎጉም ቀስ በቀስ ዝም አለ፤ ኋላ ይዞት የነበረው ድርጅት ሲዘጋ መጽሐፉም፣ አውቶቡሱም፣ ባሕሩም፣ ድንኳኑም አብረው ጠፉ። ቅጂ ያስቀመጠ ሰው አልነበረም። ዛሬ ፎቶ ትልክልኛለች፤ በማግስቱ ራሱ የሚጠፋ ዓይነት ነው፣ መነጽሬን እስካገኝ አይጠብቀኝም።

አስካለ ግን አሁንም ትመጣለች። ወንድሟ ሲናፍቃት ባዶ ጠረጴዛዬን በጣቷ እየነካች "በሩ እዚህ ጋ፣ አግዳሚው እዚህ ጋ፣ የክርስትና ልጁ ጥግ ላይ" ትላለች። "ኧረ በሩ አጠገብ ነበረች" እላታለሁ። "የገዛ ወንድሜን ለቅሶ ልታርሚኝ ነው?" ብላ ትቆጣለች፤ ሻዩ እስኪበርድ እንከራከራለን። ከሁለታችን የተሳሳተችው የቷ እንደሆነች የሚያሳየን ነገር የለም፤ በየዓመቱም ድንኳኑ ሥር የምናስታውሰው ሰው አንድ አንድ እያለ ይቀንሳል።